ግማሹ የተቀበረ ሰው

«ዓለምነውን ተዉት፤ እሱ እኮ ግማሹ ተቀብሯል» አለ አንለይ።

ዓለምነው ከቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን እየታጠበ ነበር። የደረሰው ሩዝ ስለከለለው ማዶ የቆሙት ሁለት ሰዎች አላዩትም። አንለይ ጎረቤቱ ነው፤ አብረው አድገዋል፣ በአንድ ቀን ድቁና ሊማሩ ገብተው በአንድ ቀን አቋርጠዋል። ሌላው አያ ይርዳው ናቸው። በቁሐር ሚካኤል የሩዝ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ወንፈሉን የሚያደራጁት፣ የማን ማሳ መቼ እንደሚታጨድ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። «እንዲያ አይባልም» አሉ አያ ይርዳው ዝግ ባለ ድምፅ። ነገር ግን «አስገቡት» አላሉም። አንለይ ቀጠለ። «ክፉ ተመኝቼለት አይደለም፣ አያ። ዛሬ የሱን ብናጭድለት ነገ ማን ይመልስልናል? እሱ አስቀድሞ የኛን ቢያጭድ ደግሞ ይብሳል። የሞተ ሰው ጉልበት በትከሻችን ይቀራል፤ ለማን እንመልሰዋለን? መንታ ናቸው እኮ። ያን የጣለው ይኸን አይምርም።» አያ ይርዳው ሳል ሳል አሉና የሌላ ሰው ስም ጠሩ።

ዓለምነው ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ እንደተቀመጠ ቆየ። ብድግ ብሎ «ሰምቻችኋለሁ» ማለት ይችል ነበር። አንለይ በእሱ ቦታ ቢሆን ያን ያደርግ ነበር፤ ወንድሙ አለኸኝም ያን ያደርግ ነበር። እሱ ግን ሰዎቹ እንዳያፍሩ ፈራ። ርቀው እስኪሄዱ ጠበቀና በነጠላው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

አለኸኝ የሞተው በነሐሴ ነው። ሩዝ እያረመ ሳለ እጁ ሣሩን ለቀቀው፣ ቀጥሎ አፉ ተጣመመ፣ ከዚያም ውኃ ውስጥ ወደቀ። ባሕር ዳር ድረስ ወስደውት ነበር። እዚያ የጭንቅላቱን ፎቶ አነሡትና፣ በአንገቱ በኩል ወደ አንጎል የሚሄድ የደም መንገድ እንደተዘጋ፣ ሌላው መንገድ ዞሮ ሊደርስለት እንዳልቻለ ነገሯቸው። ከሞተ በኋላም አንድ ሐኪም ዓለምነውን ቀና ብሎ አየና «መንታው ነህ? አንተም ብትታይ ጥሩ ነው» አለው። ይህን አብረው የሄዱት ጎረቤቶች ሁሉ ሰሙት። አገር ቤት ሲመለሱ ነገሩን በማስተዋል መረመሩት። ጤነኛ ሰው ይታይ አይባልም፤ ሐኪም ያለ ነገር እንዲህ አይልም፤ በአንድ ማኅፀን የተኛ በአንድ በሽታ ይተኛል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሰላምታቸው ግን ረዘመ። ድሮ ከማሳ ማሳ እጃቸውን አንሥተው የሚያልፉት አሁን ሥራቸውን ትተው መጥተው አገላብጠው ይስሙታል። ለአለኸኝ አርባ ከሩቅ የመጡ፣ ቀብር ያልደረሱ ዘመዶች ከደጅ ሲያዩት አንገቱ ላይ ተጠምጥመው እዬዬ አሉ። «አለኸኝ! አለኸኝ!» እያሉ በእሱ ደረት ላይ አለቀሱ። እሱም እንደ ምሰሶ ቆመላቸው። ሦስተኛዋ አልቃሽ ስትለቀው ወደ ከብቶቹ ቤት ገባና ተዝካሩ እስኪያልቅ አልወጣም።

አሁን ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር በሚሆነው ማሳው ላይ ያለው ሩዝ ወርቅ መስሎ አንገቱን ደፍቷል። ሲነኩት ይረግፋል። የቀን ሠራተኛ ዘንድሮ ከነቀለቡ ስድስት መቶ ብር ጠርቷል፤ ይህን እሱ አይሞክረውም። የሌሎቹ ታጭዶ ሲያልቅ ከብቱ በሙሉ ወደ ገለባው ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ላይ የቆመ የአንድ ሰው ሩዝ ማንም አይጠብቅለትም። ብቻውን ቢያጭድ ግማሹን እንኳ አያደርሰውም። ያለው ተስፋ ወንፈል ነው፤ ወንፈል ለመግባት ደግሞ በሕይወት የሚቆይ ሰው መሆን አለበት። ዛሬ ወረታ የሚሄደው ለዚህ ነበር።

እናቱ እማዋይሽ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው። ከነሐሴ ወዲህ ልማድ አድርጋዋለች፤ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ታደርገውና ሁለት ጣቷን ከመንጋጋው ሥር ታሳርፋለች። ዓይኗን ጨፍና የሚመታውን ነገር ታዳምጣለች። ጣቷ ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥላ በቀኝ ታዳምጥና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እሱም እንድታዳምጥ አንገቱን ማዘንበል ለምዷል። ዛሬም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ሁለቱን ፊልሞች፣ የወንድሙንና የራሱን፣ ጠቅልሎ በሰማያዊ ፌስታል ያዘና ወደ አስፋልቱ ወጣ።

የራሱን ፊልም የተነሣው በመስከረም መጨረሻ ባሕር ዳር ሄዶ ነው። ለዚያ አንድ ወይፈን ሸጧል። ፊልሙን የሚያነብለት ዶክተር በእውቀቱ ግን መንገድ ክፍት በሆነ ሰሞን በሳምንት አንድ ቀን ወረታ ድረስ ስለሚመጣ፣ እዚያው አጠገብህ ያግኝህ፣ የወንድምህንም ያዝ ብለውት ነበር። ሁለት ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። ዛሬ ተከፍቷል። ባጃጁ ከሐሙሲት በኩል አራት ሴቶችና ሁለት ዶሮ ጭኖ መጣ፤ እሱን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጠው። ፊልሙ እንዳይታጠፍ ደረቱ ላይ አቅፎት ሄደ።

ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ላይ የጭነት መኪኖች ጥሩንባ እያምባረቁ ተጨናንቀዋል። ከሩዝ መፈልፈያዎቹ የሚወጣው ገለባ አየሩን ሞልቶ ሰው ሁሉ ዓይኑን አጥብቦ ይሄዳል። ክሊኒኩ ከመፈልፈያዎቹ ጀርባ ነው። ዓለምነው ገለባ በተከመረበት ግድግዳ ጥግ ጥግ ሲያልፍ ከአንድ በር ላይ ሴት ጮኸች።

«አንተ ቀጣፊ! አለኸኝ! አሁን አንተ ሰው ነህ?»

ትሁን ነበረች፤ ሩዝ ገዝታ ለጎንደር ነጋዴ የምትሸጥ ወፍራም ሴት። አለኸኝ በየዓመቱ ሩዙን የሚያመጣው ለእሷ ነበር። ሞቱን አልሰማችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና ትከሻውን በቡጢ መታችው። «በክረምት ቡቃያውን አሳይሃለሁ ብለኸኝ ጠፋህ! ዘንድሮ እንዴት ነው? ውኃ በላው ወይስ ተረፈ?»

ዓለምነው አፉን ከፈተ። «እኔ አይደለሁም፤ እሱ ሞቷል» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሴትየዋ እየሳቀች ነበር። ከነሐሴ ወዲህ እሱን አይቶ የሳቀ ሰው አልነበረም። «ተርፏል» አለ። ድምፁ እንደ ወንድሙ ወጣ፤ ድሮም ይመሳሰላል።

«ስንት ኩንታል ይሆናል?»

«ሃያ አይጠፋም።»

«ውሸታም! ሁልጊዜ ሃያ ብለህ አሥራ አራት ነው የምታመጣው። ና እስቲ ግባ፣ ሻይ ጠጣ።» ከመፈልፈያው ጓዳ ውስጥ በሚዛኑ ጎን ባለች ዱካ አስቀመጠችው። ሻዩ ጣፋጭ ነበር። ኩንታሉ ስንት እንደገባ፣ ጆንያ እንደተወደደ፣ ከደብረ ታቦር የሚመጣው ድንች እንደረከሰ አወራችለት። እሱም ወንድሙ እንደሚያደርገው ግማሽ ቀልድ ግማሽ እውነት እያደረገ መለሰላት፤ እንደሚችል አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ትሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ዝምተኛው ወንድምህስ ደህና ነው? እሱ እኮ ሰላም ስትለው መሬት ነው የሚያይ። ሚስትም እንቢ አለ አሉ።»

«ደህና ነው» አለ ዓለምነው።

«ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አለና ብርጭቆውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንድ ተሸካሚ ጆንያ አንገቱ ላይ ጭኖ «ዞር በል፣ ወንድም!» እያለ አለፈው። እውነቱን ለመናገር ተመልሶ ሊሄድ አሰበ፤ ከዚያ የሴትየዋን ፊት አሰበና ተወው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሰው በላስቲክ ወንበሮች ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። አንዲት እናት ለልጇ ብርቱካን ትልጣለች፤ አንድ ሽማግሌ ከማንም ጋር ሳይሆን ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ሁሉም ሰው አብሮት የመጣ ሰው አለው። ካርድ የምትቆርጠው ልጅ «አስታማሚ የለህም?» ብላ ጠየቀችው። «ብቻዬን ነኝ» አላት። ይህን ሲል ፌስታሉን አየ።

ዶክተር በእውቀቱ ከእሱ ብዙም የማይበልጥ፣ ፂሙን ያልተላጨ፣ ሲናገር ብዕር የሚያሽከረክር ሰው ነበር። ሁለቱን ፊልሞች በሚያበራው ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቀላቸው። ከጥቁሩ ላይ ነጫጭ ሥሮች ታዩ፤ ሩዝ ነቅለው ጭቃውን ያጠቡት ይመስላሉ። ዓለምነው ሁለቱ አንድ ሆነው ሊያያቸው ጠበቀ። አንድ አልነበሩም።

«ይኸውልህ» አለ ዶክተሩ። «በአንገታችን በኩል ወደ አንጎል የሚወጡ አራት ትልልቅ የደም መንገዶች አሉ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ከአንጎል ሥር ይደርሱና እርስ በርስ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ዞሮ እንዲያደርስ ነው። መጽሐፍ ላይ የሚሣለው እንዲህ ነው። ሰው ላይ ግን እንደ መጽሐፉ የሚገኘው ግማሹም አይሞላ። አንዱ አንድ መንገድ ይጎድለዋል፣ የሌላው እንደ ክር ይቀጥናል፣ የአንዳንዱ ከሌላ ቦታ ይነሣል። ወንድምህ እዚህ ጋ አየኸው? ፊትና ኋላውን የሚያገናኘው የለም። ከተወለደ ጀምሮ አልነበረም። የፊተኛው ሲዘጋበት ዞሮ የሚመጣ አጣ።»

ዓለምነው ነገሩ የገባው ከውኃ ጋር አስተያይቶ ነው። የርብ ወንዝ ሲሞላ አንዱ ቦይ ቢደፈን ሌላው ይቀበለዋል፤ ሌላ ቦይ ያልተቀደደለት ማሳ ግን ይደርቃል። «የኔስ?» አለ።

«ያንተ ቀለበት ሙሉ ነው፤ ክፍተት የለውም። ግን አንተም እንደ መጽሐፉ አይደለህም። ይች የግራ የኋላዋ በጣም ቀጭን ናት፤ የምትነሣውም ከለመድነው ቦታ አይደለም። ምንም አይደለም፤ ቀኙ ይበቃሃል።»

«መንታ ነን እኮ፣ ዶክተር። ሰው አይለየንም።»

«መልክ ሌላ ነው። የደም ሥር በማኅፀን ውስጥ ራሱ መንገዱን እየፈለገ ነው የሚያድግ። መንታ ነው ብሎ አይተባበርም።» ብዕሩን አሽከረከረ። «የኔን ልንገርህ? ሥልጠና ላይ እያለን ተነሥቼ አይቼዋለሁ። የኔም ቀለበት እንደ ወንድምህ ክፍት ነው።»

ዓለምነው ደነገጠ። «ታዲያ እንዴት ይተኛሉ?»

«በጎኔ» አለ ዶክተሩና ሳቀ። ቀጥሎ ዓለምነው አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ተወው። «ሰማንያ ዓመት ኖረው ሳያውቁት የሚሞቱ አሉ። ወንድምህን የገደለው ቀለበቱ ክፍት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የደም መንገዱ መዘጋቱ ነው። የአንተ ግፊት ደህና ነው፣ አንገትህም ንጹሕ ነው። ጨው ቀንስ። ሂድና ሥራህን ሥራ።»

«እና አልሞትም?»

«እሱን ፊልም አይናገርም» አለ ዶክተሩ፤ የሚቀጥለው ሰው በሩን እየከፈተ ነበር። ፊልሞቹን አውርዶ ሰጠው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ደስታውን ፈለገው፤ መጣ፣ ግን ሙሉ አልሆነም። ልጆች ሆነው የአንዱ ጥርስ ሲያመው የሌላው ያመው ነበር፤ ወይም ያመው ይመስለው ነበር። ሰው ሁሉ «አንድ ነፍስ» ይላቸው ነበር፤ እሱም አምኖት ኖረ። ዝምተኛ የሆነው ምናልባት ለሁለት የሚናገር ወንድም ስለነበረው ነው። አሁን ግን ከቆዳው በታች፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከመጀመሪያውም ብቻውን ነበር። ፌስታሉን ከደረቱ አውርዶ ጭኑ ላይ አደረገው።

አጫጆቹን ከአንለይ ማሳ ላይ አገኛቸው። የምሳ ሰዓት ስለነበር ማጭዳቸውን ነዶው ላይ ሰክተው በግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። ወደ ሰው መሐል ሲገባ ሁልጊዜ እንደሚሆንበት ጆሮው ጋለ። ቢሆንም ቆመ። «ዛሬ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ» አለ። «የኔ ከወንድሜ የተለየ ነው። ደህና ነህ ብለውኛል። ወንፈሉ ውስጥ አስገቡኝ።» ይህን ያህል ሰው ፊት ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ፊልሞቹን አውጥቶ ለአያ ይርዳው ሰጣቸው። አያ ይርዳው እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉና አንዱን ወደ ፀሐይ አነሡት፤ ሌሎቹም ጎርሰው ሳይውጡ ተሰበሰቡ።

«ይኸ የሰው ራስ ነው? ሽንኩርት ይመስላል» አለ አንዱ።

«ያንተ እንኳ ሽንኩርት በሆነ፣ ለወጥ በጠቀመ» አለው ሌላው። ሳቁ።

«የትኛው ነው ያንተ?» አሉ አያ ይርዳው።

ዓለምነው ተጠጋ። ስሞቹ ጥግ ላይ በፈረንጅ ፊደል በትንሹ ተጽፈዋል። ትምህርት ቤት ሳለ ፊደሉን ቆጥሯል፤ ግን ፀሐዩ በፊልሙ ውስጥ ሲያልፍ ዓይኑን አጥበረበረው። ለአፍታ አልለየውም። «ይኸኛው» አለ በመጨረሻ።

አንለይ ያችን አፍታ አላለፋትም። «አየህ፣ አንተም ተጠራጠርክ! ሐኪሞቹ ቢቀያይሩትስ? ኧረ እማዋይሽ ራሷ ገና በጡት ሳላችሁ አቀያይራችኋለች ይባላል። አንተ አለኸኝ ሆነህ፣ የሞተው ዓለምነው ቢሆንስ?» ሰዎቹ ፈገግ አሉ፤ አንለይ ግን ቀልዱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ፊቱ ተለወጠና እንጀራው ላይ አጎነበሰ።

አያ ይርዳው ፊልሞቹን በጥንቃቄ ጠቅልለው መለሱለት። «ልጄ፣ ና ተቀመጥ» አሉት። አልተቀመጠም። «የሐኪሙን ቃል አልናቅሁም። ግን የሰው ጉልበት በልቶ መሄድ ለነፍስ ከባድ ነው፤ ያንተንም ጉልበት ይዞ መቅረት ለኛ ከባድ ነው። ለሁላችንም ብዬ ነው። አንተ አታስብ። የኛ ሲያልቅ አንድ ቀን ወጥተን ሩዝህን እናነሣልሃለን። መመለስ የለብህም። ለነፍስ ይሁን።»

ማንም ክፉ አልተናገረም። የሚበሉትን ቆርሰው ሊያጎርሱት እጃቸውን የዘረጉም ነበሩ። ዓለምነው ሁሉንም አያቸው። ለነፍስ የሚታጨድለት ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ለሟች ቤት ነው። «ይቅር፣ አያ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ። ይቅር።» ሲሄድ ከኋላው ማጭዶቹ እንደገና ድምፅ ማሰማት ጀመሩ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ጎታውን በጭቃና በእበት እየለሰነች ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ቀና ብላ አየችውና ሥራዋን ቀጠለች። ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ጭቃው በመዳፏ ሥር ጥፍ ጥፍ ይላል። ግድግዳው ላይ የአለኸኝ ኮት እንደተሰቀለ ነው፤ የተዝካሩ ዕለት ከተሰቀለበት ማንም አላወረደውም።

«ምን አሉህ?» አለች በመጨረሻ።

«ደህና ነህ አሉኝ፣ እምዬ። የኔ የደም ሥርና የሱ አይመሳሰልም። ሌላ ሌላ ነው።»

እጇ ቆመ። «ማነው ያለው?»

«ዶክተሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅሎ አሳየኝ። በዓይኔ አየሁት።»

«እኔ ነኝ የወለድኳችሁ ወይስ ዶክተሩ?»

ዓለምነው ደስ ይላታል ብሎ ነበር መንገዱን ሁሉ ያሰበው። እንደምታለቅስ፣ እልል እንደምትል፣ ወደ ሚካኤል እንደምትሰግድ አስቦ ነበር። እሷ ግን ጭቃውን ከጣቶቿ ቀስ ብላ አራገፈች። ፊቷ አርጅቶ ታየው። «እኔ አንድ ናችሁ ብዬ ነው የቆየሁት» አለች። «ጠዋት ጠዋት አንገትህን ስነካ የሱም እዚያ ውስጥ ይመታ ነበር። እሱን ነበር የማዳምጠው። አንድ ከሆናችሁ ግማሹ አለኝ። ሌላ ሌላ ከሆናችሁ ልጄ ሄዷል ማለት ነው። ጨርሶ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ጎታው መለሰች። ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ተነሥቶ ሊይዛት ፈለገ፤ ግን ሲይዛት የማንን እጅ እንደምታስብ አላወቀም። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ፀሐይ ወደ ጣና በኩል እየወረደች ነበር። ሜዳው በሙሉ ቢጫ ነው፤ እዚህም እዚያም የታጨደው ቦታ እንደ ተላጨ ራስ ይታያል። ከእሱ ማሳ ቀጥሎ ያለው የወንድሙ ሚስት የሉሊት ነው። ሉሊት ከማሳዋ ራስ ላይ ቆማ ጓል እየወረወረች ወፍ ታባርር ነበር። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ዓለምነውን ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ሲመጣ ነጠላዋን ወደ ፊት ትስባለች፤ የሚናገረውን መሬት እያየች ትሰማለች። አይቀየማትም። ምን እንደምታይ ያውቃል። የእሷም ሩዝ አልታጨደም፤ አንዲት ሴት ብቻዋን አንድ ሙሉ ጉልበት አትሆንም ብለው ከሁሉም በኋላ እናያለን ብለዋታል።

«መጣህ?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። ኮቴውን ሰምታ ነው። አረማመዱም እንደ ወንድሙ ስለሆነ መጀመሪያ ትከሻዋ ድንግጥ ይላል፤ ዛሬም አለ።

«መጣሁ።»

«የሱንም አዩት?»

«አዩት። ከፊትና ከኋላ የሚያገናኘው መንገድ አልነበረውም አሉ። ሲወለድ ጀምሮ።»

ጓሉ እጇ ላይ ቆየ። «ያን ዕለት ጠዋት ራሴን ከበደኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ግባና ተኛ አላልኩትም። ሣሩ ሩዙን ዋጠው፣ ቶሎ በል ነው ያልኩት። ለማንም አልተናገርኩም።»

ዓለምነው ዶክተሩን ይህን አልጠየቀውም፤ ቢጠይቀውም ምን እንደሚል አያውቅም። ማጽናኛ ቃል የሚያውቀው አለኸኝ ነበር። እሱ የሚያውቀውን ብቻ ነገራት። «ዶክተሩም እንደሱ ነኝ አለ። የሱም አልተገናኘም። እንዴት ይተኛሉ ስለው በጎኔ አለኝ።»

ሉሊት ትንፋሿን አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም። ወፎቹ ተመልሰው ሰፈሩ፤ አላባረረቻቸውም። ከሩቅ የአጫጆቹ ዘፈን ይሰማል፤ አንለይ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሁለቱ እስኪያልቅ ሰሙት።

«ሉሊት» አለ ዓለምነው። ጆሮው እንደገና ጋለ። «እኔና አንቺ ወንፈል እንግባ። መጠየቅ አይገባኝ ይሆናል፤ ግን ከነገ ጀምሮ ያንቺን እንጨድ። ያንቺ ሲያልቅ የኔን። ምናልባት እኔ ብ… ብቻ ያንቺ ይቅደም። እንዳትጎጂ።»

«አይሆንም» አለች።

አንገቱን ነቀነቀ። ይህንም ጠብቆት ነበር። ሊሄድ አንድ እግሩን አነሣ።

«ያንተ ቀድሞ ደርሷል» አለች ሉሊት። «ቁመህ አታየውም? እየረገፈ ነው። ነገ ካንተ ነው የምንጀምረው።»

«የኔ ከቀደመ እኮ…»

«ዐውቃለሁ።»

«እነሱ የሚሉትን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። የኔን ሳታጭድልኝማ የት ትሄዳለህ?» ጓሉን ወረወረችው፤ ወፎቹ ብን ብለው ተነሡ። ከዚያ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊት ሳበች፤ ድምፅዋም ቀጠነ። «አንድ ነገር ብቻ፣ ዓለምነው። ስናጭድ ከፊቴ አትሁን። ከኋላዬ ሁን።»

«እሺ» አለ ዓለምነው፣ ለጀርባዋ።